ትሪኒዳድ ድረስ የሄድኩለት አባት

ዲቪ ደርሶኝ ከድሬዳዋ የወጣሁ ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘኝ የእናቴ ወንድም ጋሽ ንጉሤ ነው። ሻንጣዬን ሊያነሳልኝ ጎንበስ ሲል ከእጁ ነጠቅኩት። «አንተ የነካኸውን አልይዝም» አልኩት፣ ሰው እየሰማ። አንተ ነበር የምለው፤ አክብሮቴን ሆን ብዬ ነፍጌው። እሱ በቀረችው አንድ ዓይኑ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ አየኝ። ሌላኛዋን ያጠፋሁበት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ከግራ ቅንድቧ በላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት ጠባሳዎች ነበሯት፣ ልክ እንደ እኩል ይሆናል ምልክት። ከኩባ ወታደር ስለወለደች ወንድሟ በቀበቶ ገረፋት ተብዬ ነው ያደግኩት። አባቴ ራሞን ግን እኔን አቅፎ የሚዘፍን፣ ጦሩ ሲመለስ እያለቀሰ በግድ የተወሰደ የዋህ ሰው ነበር፣ በእማዬ አፍ። አስራ አራት ዓመት ሲሆነኝ፣ ምሳ እየበላን፣ ጋሽ ንጉሤ «የዚያን ሰውዬ ስም በዚህ ቤት አታንሱብኝ» አለ። አጠገቤ የሚሪንዳ ጠርሙስ ነበር። ፊቱ ላይ ወረወርኩት። ደሙ ሽሮው ላይ ተንጠባጠበ። ሐኪም ቤት ሲጠይቁት ወድቄ ነው አላቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

አትላንታ ከመጣሁ አስራ ሁለት ዓመቴ ነው። ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። ስፓኒሽ የለመድኩት እዚያው ከሆንዱራስ ሴቶች ነው፣ መጀመሪያ ስድቡን፣ ከዚያ ሌላውን። የዚህ አገር ሙቀት የድሬ ሙቀት አይምሰላችሁ። የድሬው ያደርቃል፣ ይሄኛው ይቀቅላል። ፀጉሬን አይተው ከየት ነሽ ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ ግማሽ ኩባ ነኝ እላለሁ። አምና እማዬ ስትሞት ጎረቤት ከዕቃዋ ውስጥ የተገኘ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ራሞን ቢጫ ቤት በር ላይ ቆሟል፤ ከፎቶው ጀርባ ትሪኒዳድ የሚልና የመንገዱ ስም ተጽፏል። ቫኬሽኔን ሪኩዌስት አደረግኩና ሄድኩ። አባት እንዳለኝ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ፣ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ኩባ ስገባ መኮንኑ ፓስፖርቴን አገላብጦ ለምን መጣሽ አለኝ። አባቴን ፍለጋ አልኩት።

«እዚህ ላይ ንጉሤ ይላል። እሱ ማነው?»

ቀበሌ የአባት ስም ባዶ አይተውም ሲል አጎቴ ስሙን እንደሰጠኝ ለዚህ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው? «ማንም አይደለም» አልኩት።

«ማንም ያልሆነ ሰው ስሙን አያውስም» አለና ማህተሙን መታው።

ትሪኒዳድ ስፔኖች በድሮ ጊዜ የቆረቆሯት የኩባ ከተማ ናት። ድንጋይ የተነጠፈ መንገዷ የሐረር ጀጎልን፣ ወንበር አውጥቶ ደጅ የሚቀመጠው ሰው ደግሞ የድሬን ከዚራ ሰፈር አስታወሰኝ። ልቤ እንዴት እንደሞቀ! ቢጫውን ቤት ሳንኳኳ አንዲት ከሲታ አሮጊት ከፈተች፤ ሚርታ ትባላለች፣ የራሞን ሚስት ነበረች። ልጁ ነኝ ብዬ ፎቶውን ሳሳያት በመወልወያው እንጨት ትከሻዬን አቀመሰችኝ። ቤቱን ልትወርስ መጣች ብላ ነው። ሁለተኛውን ስትሰነዝር እንጨቱን ያዝኩት። ታገልን። ሻሿ ወለቀ።

ከግራ ቅንድቧ በላይ የእማዬ ጠባሳ ነበር። ሁለት መስመር፣ ጎን ለጎን።

እንጨቱን ለቀቅኩት። ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ የእናቴን ጠባሳ በጣቴ ግንባሬ ላይ ሳልኩላት። ገባችና ከጓዳ አንድ የወታደር ቀበቶ ይዛ ወጣች። ዘለበቱ ሁለት ሹል ጥርስ አለው። የግንባሯ ጠባሳ ከዚህ ነው፤ ራሞን ሦስት የጎድን አጥንቶቿንም ሰብሯል፣ የመጀመሪያ ፅንሷን በርግጫ አስወርዷታል። የሞተ ቀን ጎረቤት ሲያለቅስ እሷ ጠግባ በላች።

«ሲሰክር ይፎክር ነበር» አለችኝ። «ኢትዮጵያ ውስጥ አንዷን ልገድላት ስል ወንድሟ ሽጉጤ ፊት ቆሞ ነጠቀኝ ይል ነበር።»

ፎቶውን እዚያው ትቼላት ወጣሁ።

አትላንታ እንደተመለስኩ ለጋሽ ንጉሤ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«አባትሽን አገኘሽው?» አለኝ፤ ኩባ መሄዴን ጎረቤት ነግሮታል።

ሞቷል አልኩት።

«ነፍሱን ይማረው። መልካም ሰው ነበር።»

«ጋሼ፣ ቀበቶውን አይቼዋለሁ። ለምን አልነገሩኝም?» እርስዎ ስለው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

«እናትሽ አስምላኝ ነው። የምትወደው አባት ይኑራት አለች። ለእኔ ስሜን መያዝሽ በቃኝ።»

«ዓይንዎ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው እሱን። መቼ ነው የምትመጪው?»

ይኸው አራት ወር ሊሆነኝ ነው። በየሳምንቱ ትኬት ቼክ አደርጋለሁ፣ ስሜንና የአባቴን ስም፣ ንጉሤን፣ እሞላና እዘጋዋለሁ። ልሂድስ ብል፣ በምን ዓይኔ ልየው?