ስም ያልወጣላት እንሰት

ከትምህርት ቤት ወደ ሆሳዕናው ቤታችን ስመለስ አክስቴ ከእንሰቶቻቸው መሀል ሆነው «ዛሬስ ስለ ማን ተማራችሁ?» ይሉኝ ነበር። ስለ ጃንሆይ ከሆነ ዝም ብለው ይሰማሉ። ስለ አንዲት ታላቅ ሴት ከሆነ ግን የዘውዷን ወሬ እንኳ አያስጨርሱኝም። «እሱን ተዪው! ካለፈች በኋላ ምን ተረፈ?»

መልሱ ደስ ካሰኛቸው አንዷን እንሰት በሴትዮዋ ይሰይሟታል። ከተማ የቆረቆረችው «ንግሥቲቱ» አጥሩ ጥግ ናት፤ ሴቶችን ሕክምና ያስተማረችው «ሐኪሟ» ደግሞ ከጎኗ። ጎረቤታችን ጋሼ ቅጠል ሊቆርጡ ሲመጡ፣ አክስቴ «ንግሥቲቱን እንዳትነካብኝ!» ይሏቸው ነበር።

አክስቴ ባለፈው ወር አረፉ። ለቅሶው ላይ ከቦኖሻ የመጣች ሴት፣ «ሳገባ ጓሮዬ ባዶ ነበር። የእንሰት ችግኝ አሸክመው የላኩኝ እሳቸው ናቸው፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ነው» ብላ አለቀሰች። ዙሪያዋን የተቀመጡት ሴቶችም «እኔንም፣ እኔንም» አሉ።

አሁን ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠይቀኝ የለም። ጓሮው ውስጥ ገና ስም ያልወጣላት አንዲት እንሰት ቀርታለች። ትናንት ጋሼ ቢላቸውን ይዘው ወደ እሷ ሲጠጉ ሳላስበው ጮኽኩ።

«ጋሼ፣ እሷን አይንኩብኝ! አክስቴ ናት።»