ስለ ግራዋ ለእህቴ የነገርኳት

ወደ ጀርመን የሄድኩ ዕለት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘይነብ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ካልተቀመጡበት አይዘጋማ! አንዋር መስጊድ ጀርባ ያለችው የቅመም ሱቃችን ግማሿ ገብታበታለች፤ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ከላይ ደግሞ አንድ ፌስታል ደረቅ ግራዋ። «እዚያ ሆድህን ሲያምህ ማን ይሰጥሃል?» አለች። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። ሃያ ዓመት አንድ ባንኮኒ ጀርባ የቆሙ ሰዎች መተቃቀፍ ያፍራሉ መሰለኝ።

ጀርመን ስደርስ፣ ቁመቱ ሚናራ የሚያህል የጉምሩክ ሰውዬ ፌስታሉን በሁለት ጣት አንጠለጠለው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቅጠል» አልኩ በሰባራ እንግሊዝኛዬ።

«ለምን ያገለግላል?»

«ለሁሉም!»

የመርካቶ መልስ ነው የሰጠሁት። እኛ ዘንድ ደንበኛ «ያድናል?» ካለ «ያድናል» ነው፤ «አላውቅም» የሚል ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ይሂድ። የሰውዬው ቅጽ ላይ ግን «ለሁሉም» የሚባል በሽታ የለም። ሦስት ሰዓት፣ በእኔ ቆጠራ ሦስት ዓመት፣ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ግራዋዬን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው።

ቀድማኝ የመጣችው ባለቤቴ ሐያት ሥራ አገኘችልኝ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ማጠብ። ምን ላይ ቢመራመሩ ጥሩ ነው? ግራዋ! አገሬ እያለሁ እንስራ የማጥብበት ቅጠል፣ እዚህ እሱ የነካውን ዕቃ አጥብለታለሁ። ጭማቂውን አውጥተው፣ የጡት ካንሰር እንዳይሠራጭ ይገታ እንደሆነ ይፈትሹታል።

ምሳቸው ቀዝቃዛ ዳቦ ነው። በርበሬያቸው ሕፃን አያስነጥስም። ጎረቤቴ ዓመት ሙሉ ያለችኝ ቃል አንድ «ሃሎ» ነው። ቀስ በቀስ እኔም እንደ ዳቦው ቀዘቀዝኩ።

አለቃችን ዶክተር ኡርሱላ አንድ ቀን ጠርታ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። የካንሰር ሴሎቹ ትንሽ የብርጭቆ ሳህን ላይ እንደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ታክሲዎች ተጠጋግተዋል። መሃላቸውን በሹል ነገር ጭራ ቀጭን መንገድ ከፍታለች። ግራዋ ባልነካው ሳህን ላይ በማግስቱ መንገዱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በነካው ላይ ግን እንደተከፈተ ነው።

«ታዲያ ያቆመዋል!» አልኳት።

«ሳህን ላይ። ሰው ላይ? አናውቅም።»

ሳቅኩባት። ይህን ሁሉ ዕቃ ደርድሮ «አናውቅም» የሚል ባለሱቅ!

ያን ሰሞን እትዬ ዘይነብ ደወለች። ጡቷ ላይ ያገኘችው እብጠት ካንሰር ነው ተብሏል፤ ሐኪሞቹ ሕክምና ሊጀምሩላት ቀጠሮ ሰጥተዋታል። ድምፅዋ እንደዚያ ቀጥኖ አያውቅም። «ፈራሁ፣ ሱሌ» አለች። ምን ልበላት? አፌ የመርካቶ አፍ ነው።

«ምን ያስፈራሻል! ግራዋ እኮ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ! ጀርመኖቹ ቆመው አጨበጨቡ!»

ማንም አላጨበጨበም።

ባለፈው እሑድ እየሳቀች ነገረችኝ፤ ቀጠሮውን ትታዋለች። ጠዋትና ማታ ግራዋ ትጠጣለች። ለሰፈሩም አውርታለች።  ማልቀስ ነበረብኝ፣ ወይ መጮህ፤ ምንም አልመጣልኝም። ጓንት አድርጎ ሙቅ ውሃ እንደ መንካት ነው፤ መሞቁን ታውቃለህ፣ አይሰማህም።

ዛሬ ሱቅ እያለች ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ስለ ግራዋው… አላውቅም።»

«ምኑን ነው የማታውቀው?»

«ማቆሙን። ያየሁት ሳህን ላይ ነው። ሰው ላይ እኔ አላየሁም፣ እነሱም አያውቁም። ጭብጨባውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሞቹ ጋ ተመለሺ።»

 ከበስተኋላዋ የተሸካሚ «ዞር በል! ዞር በል!» ይሰማል። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ።

«ወይ ሱሌ! አላውቅም? አንተ? ለራሰ በራ ‹በሦስት ቀን ይጎፍራል› ብለህ የሸጥክ ሰውዬ! ይህን ቀልድ ደግሞ ከየት ተማርከው?»

«አልቀለድኩም፣ ወላሂ።»

«ወላሂህንም ስትሸጥ እሰማህ ነበር» አለች። ሳቁ ግን አልቆ ነበር።

«እትዬ፣ ነገ ትሄጃለሽ?»

«ቆይ፣ ደንበኛ መጣ።»

ስልኩን አልዘጋችውም፤ ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጠው ኳ ሲል ተሰማኝ። አንዲት ሴት «ይሄ ግራዋ ለካንሰር ያድናል አሉ፣ እውነት ነው?» ስትል ሰማሁ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ፣ እህቴ የምትመልሰውን እጠብቃለሁ።