ፍልሰታ በብስክሌት

በፈረንሳይ ገጠር ከስምንት ሰዓት በኋላ ምሳ የሚባል ነገር የለም። ብትለምን የለም፣ ብታለቅስ የለም። ምድጃው ጠፍቷል፣ ባለ ምግብ ቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን ይነቀንቅልሃል። የፍልሰታ ጾም ደግሞ የሚፈታው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ይቺን የአንድ ሰዓት ልዩነት ከአትላንታ ስንነሳ እኔም አላሰብኳት፣ እህቴም አላሰበቻት።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። ቤቷ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ሊቶኒያ ነው፣ ሮዝዌል ውስጥ ልብስ የምታስተካክልበት ትንሽ ሱቅ አላት። እኔ ስቶን ማውንቴን ነኝ። ከኤርፖርት መንገደኛ ሳመላልስ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ሽንቴን ይዤ፣ ሶዳዬን እየጠጣሁ፣ የደም ግፊቴን “የሚቀጥለው ሳምንት እታያለሁ” እያልኩ ስነዳ፣ አንድ ቀን ሁለቱም ኩላሊቶቼ ደህና ሁን አሉኝ። ከዚያ ዳያሊሲስ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ወንበር ላይ ተጋድሞ ደም ማሳጠብ። ሁለት ዓመት እንዲህ ከቆየሁ በኋላ እትዬ ተመረመረች፣ ማች አደረገች፣ ማለት ኩላሊቷ ለኔ ተስማማ፣ አንዱን ሰጠችኝ። ይኸው አራት ዓመቱ። እሷ ከዚህ በላይ እንዲወራ አትፈልግም። “እትዬ፣ እኔ እኮ ላንቺ ምን ብዬ…” ብዬ ስጀምር “ዝም በል፣ ሌላ ወሬ የለህም?” ትለኛለች። ትሕትና ነው ብዬ ተውኩት።

ብስክሌቱንም ያመጣችው እሷ ናት። ሐኪሟ ተንቀሳቀሺ ሲላት ከቤቷ አጠገብ ባለው የብስክሌት መንገድ ላይ መለማመድ ጀመረች፤ ሻሿን አስራ፣ በሻሹ ላይ ሄልሜት ደፍታ። የቤተ ክርስቲያን እናቶች “በስተርጅና ምን ነካሽ ልጄ?” ሲሏት “እግሬ ነዋ የነካኝ፣ መቀመጥ እምቢ አለኝ” ትላለች። አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ደንበኛ አሏት፤ የብስክሌት ሱሪያቸው በተቀደደ ቁጥር እሷ ጋ ነው የሚመጡት። እኒህ ሴትዮ አንድ ቀን ስልካቸውን ከፍተው ሎዋር የሚባለውን የፈረንሳይ ወንዝ፣ ከወንዙ ጎን የሚሄደውን የብስክሌት መንገድ፣ የወይን ተክሉን አሳዩአት። ወዲያው ደወለችልኝ።

“ለሁለት ሰው ቡክ ላደርግ ነው” አለች።

“ሁለተኛው ማነው?”

“ጎረቤቴ” አለችና ሳቀችብኝ።

ኩላሊቷን የሰጠችኝ ሴት ብስክሌት ንዳ ስትለኝ በምን አፌ እምቢ እላለሁ? በማግስቱ ልምምድ ጀመርኩ። ሁለቴ ወደቅኩ፣ አንዴም የሰው አጥር ውስጥ ገባሁ።

ጊዜውን የመረጠችው በሥራዋ ነው። የሙሽራ ልብስ ወቅት ሲያልቅ ነሐሴ ላይ ሱቁ ይቀዘቅዛል። ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። የንስሐ አባታችን ለሁለታችንም ቁርጡን ነገሩን። እኔ መድኃኒት ስለምወስድ ከጠዋት ጀምሬ የጾም ምግብ እንድበላ፤ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብትጾምም ውሃዋን እንድትጠጣ። “እርስዎ እንዳሉ አባቴ” ብላ መስቀል ተሳለመች። ሐኪሟም ያላት ይህንኑ ነው፤ የቀረሽ አንድ ነውና ውሃ እንዳይጎልብሽ፣ በተለይ በፀሐይ።

እውነቱን ለመናገር ፈረንሳይን ልወድ አልሄድኩም፤ ግዴታዬን ልወጣ ነበር የሄድኩት። መንገዱ ግን አሸነፈኝ። ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ወንዙ በግራ በኩል አሸዋውን እያሳየ፣ ሳይቸኩል አብሮህ ይሄዳል። በቀኝ የሱፍ አበባ ማሳ ነው፣ ማለቂያ የለውም። እትዬ ማሳውን ስታይ ፍሬን ይዛ ቆመች።

“ይሄ ሁሉ ሱፍ ተዘርቶ ፍትፍት የሚያውቅ አንድ ሰው ይጥፋ?” አለች፣ ከልቧ አዝና።

“የፈረንጅ ሱፍ ነው እትዬ፣ ለፍትፍት አይሆንም።”

“ሞክረኸዋል?” አለችኝ። ምን እላለሁ፣ አልሞከርኩትም።

የለበስኩት ሱሪ እሷ የሰፋችልኝ ነው፤ መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ከትታበታለች። ስራመድ ዳክዬ እመስላለሁ፣ ብስክሌቱ ላይ ስወጣ ግን እንደኔ የተመቸው የለም። የሚያልፈው ሁሉ “ቦንዡር” ይላል። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ላብ ያጠመቀው ስፖርተኛ ሳይቀር። ያን ያህል ዓመት መንገድ ላይ ስኖር የለመድኩት ጥሩምባና ስድብ ነው፤ እዚህ አንድ ሙሉ ቀን ነድቼ ማንም አልሰደበኝም። የዚያን ጠዋት ነፋስ ፊቴን ሲነካኝ ያ የዳያሊሲስ ወንበር ትዝ አለኝና “ተመስገን” አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንደር ገባን። ሁሉም ዝግ። ምግብ ቤቱ ዝግ፣ ዳቦ ቤቱ ዝግ። ቆሎ ይዘን ባንሄድ ኖሮ ወዮልን። ማታ ያደርንበት ቤት ባለቤት ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴትዮ ናቸው። በስልኬ እያስተረጎምኩ ቅቤ አይሆንም፣ ወተት አይሆንም፣ እንቁላል አይሆንም፣ ሥጋ አይሆንም ስላቸው ደረታቸውን ይዘው “ታማለች?” አሉኝ። ጾም መሆኑ ሲገባቸው ጓሯቸው ወርደው ባቄላና ቲማቲም ለቅመው መጡ፤ ድንቹንም በዘይት ሠሩልን። ቅቤ ያልነካው ድንች ሲሠሩ በዕድሜያቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። በማግስቱ ጠዋት ዳቦና ቲማቲም በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን፤ ሦስት ጣታቸውን አሳዩን፣ በእነሱ ሰዓት ሦስት ሲሆን ብሉ ለማለት። የሁለታችንንም የውሃ መያዣ ሞልተው በየአንዳንዱ ውስጥ አንዳንድ ቅጠል ናና ጣል አደረጉበት። እግዜር ይስጣቸው፣ የማያውቁን ሰው ናቸው።

የዚያን ቀን ሙቀቱ የጆርጂያ ሙቀት ሆነ። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከፊቴ የምትሄደው የእትዬ ብስክሌት ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። “እትዬ!” ብዬ ሳልጨርስ ከመንገዱ ወጥታ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ቁጭ አለች የምለው እንዳትቆጣኝ ነው እንጂ ወድቃለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሮጬ ከብስክሌቷ ላይ ውሃዋን ነቀልኩ። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ናናዋ ጠዋት እንደገባች ከላይ ተንሳፍፋለች።

“ዛሬ አልጠጣሽም?”

የሄልሜቷን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

“ትናንትስ?”

“ማታ ጠጥቻለሁ እኮ።”

ደሜ ፈላ። እኔ ስናደድ አላምርም፣ አውቀዋለሁ። “አንቺ ሴትዮ ልትሞቺ ነው ይዘሽኝ የመጣሽው? ሐኪሙ ምን አለሽ? አባታችን ምን አሉሽ? መስቀል ተሳልመሽ ዋሸሻቸው?” አልኩ፣ ወንዙ ማዶ እስኪሰማ። ሁለት ብስክሌተኞች “ቦንዡር” ብለውን አለፉ። እኔም በዚያ ቁጣ መሃል “ቦንዡር” አልኳቸው።

“አትጩህብኝ፤ ስለት አለብኝ” አለች። “ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጠጣለሁ።”

“ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል!”

“ይቅረዋ።”

ለመንኳት፣ እምቢ አለች። አፏ ላይ አስጠጋሁላት፣ ፊቷን አዞረች። አምቡላንስ እንዳልጠራ ቋንቋ የለኝ፣ የስልኬም ኔትወርክ ጠፍቷል፣ ያለንበትንም ቦታ ስሙን አላውቀው። ፈራሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የራሴን ውሃ አነሳሁና ክዳኑን ከፍቼ ሣሩ ላይ ደፋሁት።

“አንቺ ካልጠጣሽ እኔም አልጠጣም” አልኳት። “እስከ ዘጠኝ ካልሽ እስከ ዘጠኝ፣ እስከ ማታ ካልሽ እስከ ማታ።”

“አብደሃል? ያ እኮ የኔ ኩላሊት ነው!”

“ያኛውስ የማን ነው?” አልኩ ጎኗን እያሳየሁ። “አንዱን አንቺ እያደረቅሽ ሌላውን እኔ ላጠጣው ነው?”

አለቀሰች። እትዬ ስታለቅስ ያየኋት እናታችን ያረፉ ዕለት ብቻ ነው። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። መሬት መሬቱን እያየች ነገረችኝ። የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ አልወረደችም።

“እመቤቴ፣ ትኩሳት ስጪኝ አልኩ” አለች። “ግፊቴን ከፍ አድርጊውና ዛሬ አይሆንም ብለው ይመልሱኝ አልኩ። አንተ እያለቅህ መሆኑን እያወቅኩ። ቢላውን ፈራሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እዚያ ተቀምጬ ይመልሱኝ እያልኩ ጸለይኩ። የተሳልኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ይቅር ካለችኝ፣ አንተም ከዳንክ፣ በየዓመቱ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ እጾማለሁ ብዬ። አንተ ደግሞ ባገኘኸኝ ቁጥር ታመሰግነኛለህ! ስታመሰግነኝ ያ ፓርኪንግ ነው የሚታየኝ።”

አራት ዓመት ሙሉ ትሕትና ያልኩት ይሄ ነበር። አይዞሽ ከማለቴ በፊት የምነግራት ነበረኝ፤ የዚያች ሃያ ደቂቃ ኃጢአት እኔም ጋ ነበረች። ለማንም ተናግሬያት አላውቅም፣ ለንስሐ አባቴም ቢሆን።

“እኔ ያን ጠዋት ሆስፒታሉ ፎቅ ላይ ተኝቼ ሰዓት አያለሁ” አልኳት። “ስትዘገዪ መኪና ገጭቷት ይሆን፣ ጎማ ፈንድቶባት ይሆን አላልኩም። ፈርታ ይሆንም አላልኩም። አንቺን አንዴም አላሰብኩሽም። ያልኩትን ልንገርሽ? ‘ኩላሊቴን ይዛብኝ ጠፋች’ ነው ያልኩት። ኩላሊቴን! ገና ያንቺ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ!”

ቀና ብላ አየችኝ። ትጠላኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እንደገና የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው።

“አንተ ሌባ!” አለችኝ። “እኔ ታች መኪና ውስጥ ሆኜ አለቅሳለሁ፣ አንተ ፎቅ ላይ ወርሰኸኝ ጨርሰሃል!”

“እንግዲህ ከሁለታችን የባሰው ማነው?” አልኳት። “ስለቱን ለአባታችን እንነግራቸዋለን፣ እሳቸው ይፍቱት። እመቤታችን አንቺን ኩላሊት አሳጥታ ምን ይጠቅማታል? ጠጪ፣ በሞቴ።”

በሞቴ የሚለው ቃል በእኛ መሃል ለወጉ የሚባል አይደለም። መያዣውን ከእጄ ተቀበለች። መጀመሪያ ከንፈሯን አራሰች፣ ከዚያ አማተበች፣ ከዚያ ጠጣች። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አንድ በአንድ አየሁት። ግማሽ ሲደርስ አቆመችና ዘረጋችልኝ።

“እንካ፣ አንተም ጠጣ፤ ያንተን መሬት ላይ ደፍተህ የለ።”

ጠጣሁ። ውሃው ሞቋል፣ ናና ናና ይላል። “እግዜር ይስጥልኝ እትዬ” አልኳት። ለውሃው ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል። እንደወትሮው “ዝም በል” እስክትለኝ ጠበቅኩ።

“አብሮ ይስጠን” አለች፤ እጇን ሰጠችኝና ከሣሩ ላይ አነሳኋት።