ማር የነካው አውራ ጣት

መምህር ፈንታሁን መቐለ የገቡት በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ከደጀን የመጡ የባዮሎጂ መምህር፣ አንድ ሻንጣና ብዙ ወሬ ይዘው። ያኔ ሮማናት አደባባይ ላይ መንገድ የሚዘጋው ታክሲ ሳይሆን የፈረስ ጋሪ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ እዚያው አደባባይ ዳር ማኪያቶ እየጠጡ ያንን ዘመን ያነሳሉ። አንዴ ካነሱት ደግሞ ሰሚው እስኪሸሽ አያስቀምጡትም።

የማያነሱት አንድ ነገር ነበር። በወጣትነታቸው ጆሮ ደግፍ ይዟቸው ወደ ታች ወርዶባቸው ነበርና ልጅ አይወልዱም። ይህንን ለአስካል ገና ሳይጋቡ ነግረዋታል። እሷም የመቐለ ልጅ ናትና ብዙ አላስጨነቀቻቸውም፤ "ሓቂ ተናገርክ። ሓቂ የሚናገር ባል ደግሞ ከየት ይገኛል?" አለች፤ ተጋቡ።

የዕጣ ነገር ሆኖ በየዓመቱ ስለ መዋለድ የሚያስተምሩት እሳቸው ነበሩ። የወንዱን የዘር ፍሬ በጠመኔ ይስላሉ፤ የኋላ ወንበር ሲንሾካሾክ "ሳቁ፣ ሳቁ፤ ፈተና ላይ ይመጣል" ይላሉ። "የዘር ምንጭ የሆኑት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይመለሱም" የምትለዋን ግን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ነበር የሚናገሯት።

በ1988 የአስካል የአክስት ልጅ ዓይናለም መንደር ውስጥ ታማ ሞተች። የሁለት ዓመት ልጇ ሳሊና ቀረች። መምህር ፈንታሁን "እንደ አገሬ ወግ የጡት ልጅ ትሁነኝ" ብለው ሽማግሌ አስቀመጡ። ጠመኔ የለመደ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ አውራ ጣታቸውን ነጭ ማር ውስጥ ነክረው እንድትጠባው ሰጧት። ልጅቷ ማሩን ጨረሰችና ጣታቸውን ነከሰች። ሽማግሌው ወልደአማኑኤል "በቃ፣ ልጅህ ናት። ባዳ እንዲህ አይዳፈርም" ብለው መረቁ።

ሳሊና አደገች፤ እሷም ባዮሎጂ አጠናች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ቤት ተከራይታ እሑድ እሑድ ለምሳ ትመጣ ነበር። በ2012 መግቢያ አንድ እሑድ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራውን ለአባቷ ነገረቻቸው።

"ከፍየል ግልገል የዘር ፍሬ ውስጥ ግንደ ሕዋሳቱን እንለያለን፣ ኣቦይ። በኋላ የወንድ ዘር የሚያፈሩትን። ባዶ ሳህን ላይ ብንተዋቸው ይሞታሉ። ስለዚህ ስፖንጅ የመሰለ ማረፊያ እንሠራላቸዋለን፤ እዚያ ላይ ተጣብቀው ይራባሉ።" ዘር እስኪሆኑ ገና ሩቅ መንገድ ነው አለች። ተስፋው የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ወንድ ሕፃናት አድገው መካን እንዳይሆኑ ነው።

የመምህር ፈንታሁን ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ።

"አይ፣ ይሄ በእኔ ጊዜ ቢሆን ኖሮ" አሉ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። በእሳቸው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሳሊና የት ነበረች? ልጅቷም ይህንኑ አሰበች መሰል፣ "ሕዋሶቼን ልያቸው" ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አስካል ሳህኑን እያነሳች "ኣንታ ሰብኣይ፣ ምን ነካህ? ጓለይ፣ ልጄ፣ አሁን ምን ትበል?" አለቻቸው።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም፤ ከዚያ ወዲያም "ሥራ በዛ" ማለት አመጣች። መምህር ፈንታሁን ሮማናት ተቀምጠው ስለ ጋሪ ማውራት ተዉ። አስተናጋጁ እንኳ "አመመዎት እንዴ?" አላቸው። በዚያች መንገድ ሳሊናን ከትምህርት ቤት ሲያመጧት እጃቸው ለእጇ ይበዛባት ስለነበር አውራ ጣታቸውን ብቻ ጨብጣ ነበር የምትሄደው። ያ ጊዜ ናፈቃቸው፣ ሆድ ባሳቸው። የተናገሩት ውሸት ቢሆን ይቅርታው በቀለለ። ግን ለአንድ አፍታ ከልባቸው ተመኝተዋል።

አንድ ጠዋት ከገበያ ነጭ ማር ገዝተው ላብራቶሪው ድረስ ሄዱ። ሳሊና ነጭ ጋዋን ለብሳ በሩን ስትከፍት ሰውዬው የማሩን ብርጭቆ ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

"እጄን ታጥቤያለሁ" አሉ።

"ኣቦይ! እዚህ ማር? ሕዋሶቼን ልትፈጅብኝ ነው?" ገፍታ ወደ በረንዳው አወጣቻቸው። ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ያዘችው።

በረንዳው ላይ ተቀመጡ። "ያልኩት ከልቤ ነበር፣ ጓለይ" አሉ መምህር ፈንታሁን። "ከዚያ አንቺ የሌለሽበትን ቤት አሰብኩት፤ ፈራሁ። ሕዋሶችሽ ማረፊያ ካላገኙ ይሞታሉ አላልሽም? እኔ ያረፍኩት አንቺ ላይ ነው።"

 ሳሊና ጓንቷን አወለቀች፣ ብርጭቆውን ተቀበለቻቸውና የራሷን አውራ ጣት ማሩ ውስጥ ነከረች።

"ያኔ እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሁን ግን ወድጄ ነው። እንካ ጥባ። እንዳትነክሰኝ ብቻ።"

መምህር ፈንታሁን፣ ጡረታ የወጡ ሰውዬ፣ ተማሪ በሚመላለስበት በረንዳ ላይ የልጃቸውን ጣት ጠቡ። እንባቸው እየወረደ ማሩን ጨረሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ነከሷት።