ያስቆረጥኩት ሞላ

ሞኝነቴን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ከፍሎ መኪናውን ከፍ ያስደርጋል። መኪናዋን በሚሸከመው ጥምዝ ብረት፣ በሞላው መሃል ጎማ ያስገባል፣ ሆዷን ከድንጋይ ያድናል። መንገዱን ያውቀዋላ! እኔ ግን ከፍዬ ዝቅ አስደረግኩ። ያውም ሃምሳ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ፣ ቦርጬ ከመሪው ጋር የሚጣላ፣ የልጆች አባት ሆኜ።

መኪናዋ ያገለገለች የቤተሰብ መኪና ነች። ስገዛት ረጅም እግር ነበራት፤ ልጆችም፣ የገበያ አስቤዛም፣ ከወሎ የመጣ ዘመድም ይዛ ጉብታውን ሁሉ ሳትሰማው ታልፍ ነበር። ግን ካርጎ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች አላስቀምጥ አሉኝ። አየር ማረፊያው ጋ ሳቆማት፣ "ዛሬም የባለቤትህን መኪና አስፈቅደህ መጣህ?" ይሉኛል። ከሁሉም ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ። ልማዴ ነው፤ ሰው ሊስቅብኝ ሲል እቀድመዋለሁ። ውስጤ ግን ቆስሏል።

መገናኛ አካባቢ መኪና የሚያስጌጥ ሰውዬ ጋ ወሰድኳት። ዙሪያዋን ዞረ፣ እንደ ሐኪም ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ እሷን ያስረጃት ቁመቷ ነው። ትንሽ ዝቅ ብትል ልጅ ትሆናለች" አለኝ።

ለእሷ ከሠራ ለእኔም ይተርፋል ብዬ እሺ አልኩ። ሞላዎቹን አስቆረጥኩ። ጥቁር ሰፋፊ ቸርኬ አስገጠምኩ፤ ጎማው ከመሳሳቱ የተነሳ ቸርኬው ላይ በቀለም የተቀባ ይመስላል። የጭስ ማውጫዋን ማርሚታም አስቀየርኩ፤ "ሞተሩ ትንፋሽ ያገኛል" ተብዬ። ከኋላም ክንፍ አስተከልኩላት። የትም አልበረረችም እንጂ ክንፍስ ነበራት።

ሰሚት ቤቴ ስደርስ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ተቀበለኝ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማ ጆሮዋን ይዛ፣ "ምን በድለሃት ነው እንዲህ የምትጮኸው?" አለች። እናቴ ግን በከዘራዋ ወጥታ ኮፈኗን ዳበሰችልኝ። "አላህ በረካ ያድርግልህ፣ ከዓይን ይሰውራት" አለች። አሚን አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ታመመች። ኩላሊቷ ነው አሉን። በየሳምንቱ እየተመላለሰች ካልታጠበች አትኖርም ተባልን። እጥበቱ የሚሰጠው ቦሌ ነው። እኔም "አይዞሽ እማ፣ መኪና እያለን ምን ችግር አለ!" አልኳት። ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ከሰሚት በጃክሮስ፣ በገርጂ አድርገን ቦሌ እንወጣለን። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ከዚያ ጉብታ፣ ከዚያ የተቆፈረ፣ ከዚያ ሌላ ጉብታ። እያንዳንዱ ጉብታ ከታች ይነርተናል። እናቴ ከጣሪያው ሥር ያለውን መያዣ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ የሻርፗን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ትቀመጣለች።

"እማ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ አባቴ። አንተ መንገድህን እይ።"

ከእጥበት በኋላ ደግሞ ሰውነቷ ተጨምቆ እንደወጣ ጨርቅ ነው የሚሆነው። ቤት ስንደርስ ከመኪናው ለመውረድ ብዙ ትቆያለች። ፊቷ አመድ ይመስላል። እኔ በሽታው ነው እላለሁ። በሽታ ያለበት ሰው እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል እላለሁ።

አንድ ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ብጠብቃት አትመጣም። ገባሁ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የተስቢህ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች።

"እማ፣ ሰዓት ሄደ እኮ።"

"ዛሬ አልሄድም።"

"ነገ እንሂድ?"

"ነገም አልሄድም። እስካሁን የኖርኩት ይበቃኛል። አልሃምዱሊላህ።"

ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ ነው፤ እሷም ቀልደኛ ናት፣ ከማን ወረስኩትና! እሷ ግን አልሳቀችም። ዞራ ተኛች።

ለምታጥባት ነርስ ደወልኩላት። "ጋሼ፣ አይሆንም! ከቀረች ውሃው ሳንባዋ ላይ ነው የሚወጣው" አለችኝ። ስልኩን ይዤ ግቢው ውስጥ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ያላደረግኩት የለም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በልጆቹ አስለመንኳት። ሰፈር ያሉ ሼህ መጥተው፣ "ሐጂያ፣ ነፍስን መጠበቅ ግዴታ ነው" አሏት። በትሕትና ሰማቻቸው፣ ዱዓ አስደረገች፣ ሸኘቻቸው፣ ተኛች።

እግሯ ማበጥ ጀመረ። ጣቴን ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ጋደም ማለት አቃታት፤ ትራስ ደርበንላት ተቀምጣ ታንቀላፋለች። ባለቤቴ ማድ ቤት ገብታ ስታለቅስ እሰማለሁ። እኔ ሳሎን ተቀምጬ የማወራው ቀልድ ያልቅብኛል። በሕይወቴ ቀልድ አልቆብኝ አያውቅም ነበር።

እኛ አገር ሰው አጥብቆ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ግቢያችን ሲሚንቶ ነው፤ ዙሪያውን ብፈልግ ድንጋይ አጣሁ። ባጣ ትርፍ ጎማውን ከመኪናው አውጥቼ ማጅራቴ ላይ ጫንኩና እናቴ ፊት ተንበረከክኩ። ወላሂ እውነቴን ነው። ወገቤ ሊበጠስ ደርሷል፣ እንባዬና ላቤ ተቀላቅሏል።

"እማ፣ በዚች በተሸከምኳት ይዤሻለሁ! ተነሽ፣ መኪናው ዝግጁ ነው፣ አሁኑኑ ላድርስሽ።"

እናቴ ጎማውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከንፈሯ ሊስቅ ብሎ ተመለሰ። "አውርደው የኔ አባት፣ ወገብህን ትጎዳለህ" አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። ቃል፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ቃል። ያን ጊዜ ፈቃዷን አልጠየቅንም። ባለቤቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ተሸክመን መኪናው ውስጥ አስገባናት። እጇ በሩን ይዞ አልለቅ ብሎ ነበር፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኩ። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ አይለኝም።

ቸኩዬ ከግቢ ስወጣ በራችን ላይ ያለው የቦይ ክዳን ጋ ስደርስ ቋ! አለ። ወትሮ ሰያፍ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ ነበር የማልፈው። ዛሬ ሆዷ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። ነዳጅ ብሰጣት ማርሚታዋ ሰፈሩን አናወጠ፣ ጎማዎቹ ባሉበት ዞሩ። ወደ ኋላም የለም፣ ወደ ፊትም የለም። የሰፈር ሰው መጣ። "ኧረ አንሱ! አንድ፣ ሁለት…" ይላሉ፤ አትነሳም። አንዱ፣ "ምነው እንዲህ አሳጠሯት ጋሼ?" አለ። ሊያፌዝ አልነበረም። በመስታወት እናቴን አየኋት። አፏን ከፍታ አየር ትፈልጋለች። መሪው ላይ ተደፍቼ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም።

ታክሲ የጠራችው ባለቤቴ ናት። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሚነዳት፣ አንድ በሯ ከሌላው ጋር በቀለም የማይገጥም፣ እንደ ፍየል በቀጭን እግር የቆመች ትንሽ አሮጌ መኪና መጣች። እናቴን አዛወርናት። ሾፌሩ ሁኔታዋን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ተነሳ። ኮብልስቶኑን አለፍን። ጉብታውን አለፍን። እኔ በልማዴ በየጉብታው ጥርሴን እነክሳለሁ፤ የሚነርት የለም። ጃክሮስ ስንደርስ ዞር ብል እናቴ ጭንቅላቷን ባለቤቴ ትከሻ ላይ ጥላለች። እጄን ወደ አፍንጫዋ ዘረጋሁ።

"ተኝታ ነው" አለችኝ ባለቤቴ በሹክሹክታ። "እየተነፈሰች ነው። መኪና ውስጥ ስትተኛ ገና አሁን አየኋት።"

ነርሷ ገና ስታየን በሩጫ ተቀበለችን፣ ኦክስጅን አደረጉላት፣ አጠቧት። ሲያበቃ ቀለሟ ተመለሰ። ሾፌሩን በስልክ ጠርተን በዚያው ታክሲ መለስናት።

የሚቀጥለው እጥበት ቀን፣ እንደገና ልለምናት ተዘጋጅቼ ስገባ፣ እናቴ ለብሳ፣ ሻርፗን ጠምጥማ፣ ከዘራዋን ይዛ ተቀምጣለች።

"ያ ሰውዬ ይመጣል?" አለችኝ።

"የቱ ሰውዬ?"

"ያ ባለ ትንሿ መኪና።"

"እሱ ምን ያደርጋል? የኛን ከቦዩ ላይ አውጥተናታል፣ ቆማልሻለች" አልኳት።

ከዘራዋን ግድግዳው ላይ መልሳ አስደገፈችው። ሻርፗን መፍታት ጀመረች።

በሩ ላይ የቆመችው ባለቤቴ እናቴን አየቻት፤ ከዚያ በመስኮት መኪናዋን አየቻት፤ ከዚያ እኔን። የዚያን ዓይነት አስተያየት ሰው ላይ አይጣል። እኔም ያኔ ገባኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማ… መኪናዋ ናት እንዴ?"

"እኔ ምን ወጣኝ?"

"ለምን አልነገርሽኝም? ልትሞቺ እኮ ነበር!"

"እንዴት ብዬ ልንገርህ? ከሥራ መጥተህ ምሳህን ሳትበላ እሷን ስታብስ አይሃለሁ። በዚህ ዕድሜህ ደስ ያለህን ነገር እኔ ላስጠላህ? ደግሞ ምን ይሉኛል? ልጇ መኪና ይዞ ቢያመላልሳት መኪና አማረጠች ይበሉኝ?"

ስልኬን አውጥቼ ለዚያ ሾፌር ደወልኩለት። ሻርፗን እንደገና ጠመጠመች።

ታክሲው ውስጥ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ገርጂ አካባቢ አንድ ትልቅ ጉብታ በቀስታ ስንሻገር እጇን ይዤ፣ ሌላ ሞላ እንደማፈላልግ፣ ክንፉንም ምኑንም እንደማስነቅል ነገርኳት። ይቅርታም ጠየቅኳት።

"አንተ ልጅ" አለችኝ፣ "ሞት እኮ አንዴ ነው የሚመጣው። ባንተ መኪና ግን በየጉብታው ነበር።"