ሁለተኛው ዓይን

ፖሊሶች የያዙኝ የተማሪዎቼን የሥዕል ኤግዚቢሽን በከፈትንበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከሐይቁ ዳር ካለችው አዳራሻችን እስከ ጣቢያው በእግር ወሰዱኝ፤ ሰው እንዲያየኝ ይመስለኛል። ሰውም አየኝ። የዚያን ቀን ሰላምታ የሰጠኝ ከወትሮው በዛ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ሰው ሥዕል አስተምር ነበር። ነገሩን ያመጣው አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ተማሪዬ የሣለችው ሥዕል ነው። ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን ዳር ስበው ቆመዋል፤ አንድ ባለመሣሪያ ዓሣቸውን ይወስዳል። አጥማጆቹን ከነሁለት ዓይናቸው፣ ባለመሣሪያውን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ሣለችው። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ስሞ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጻድቅ በሙሉ ፊቱ ይሣላል፣ ክፉ ሰው አንድ ዓይን ይበቃዋል። ተመልካቹ ሥዕሉ ፊት ቆሞ ሳቀ። ወንጀላችን ያ ሳቅ ነው። ሥዕሉ የማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «የኔ» አልሁ።

የታሰርሁባት ክፍል ጠባብ ናት፤ እርጥብ ሲሚንቶና ላብ ትሸታለች። እግር የሚዘረጋው በተራ ነበር። አንድ መሪጌታ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና በምን እንደታሰርሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። ሥዕሉ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ አጠገቡ ብሩሽና ጥቁር ቀለም አለ፣ ከአዳራሻችን የመጣ የራሳችን ቀለም። መርማሪው በዕድሜ ታናሼ ነው። «አንተ» አለኝ፣ እኔም «አንተ» አልሁት። ሻይ አስመጣልኝ። ባለቤቴ ደጅ እንደቆመች፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ መቃረቧንም እንደሚያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ሥዕሉን ወደኔ ገፋው።

«ሁለተኛውን ዓይን ጨምርለትና ከሚስትህ ጋር ሂድ።»

አልዋሽም፣ እጄ ወደ ብሩሹ ሄዶ ነበር። ባለቤቴን ማየት እጅግ እፈልግ ነበር። ግን ለባለመሣሪያው ዓይን ከተጨመረለት የአጥማጆቹ ሁለት ዓይን ምን ሊረባቸው ነው?

«ፊቱን እኮ አዙሯል» አልሁት። «ወደ እኛ ይዙርና እስልለታለሁ።»

ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ያንኑ አልሁት። ያኔ ተናደደና ብሩሹን ራሱ አነሣ። በጎን የተሣለ ፊት ለሁለተኛ ዓይን ቦታ የለውም። ቦታ ሲፈልግ ቆይቶ የባለመሣሪያው ጆሮ ሥር አሳረፈው፤ ትልቅ፣ ቀለሙ የሚንጠባጠብ ዓይን። በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ብሩሹን ስጠኝ፤ ካልታጠበ ይደርቃል» አልሁት።

ሰጠኝ። ለምን እንደሰጠኝ እስካሁን አላውቅም። ባልነካሁት ሻይ ውስጥ አጠብሁት፣ ጸጉሩን በጣቶቼ አቃንቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት። ወደ ክፍሏ መለሱኝ። መሪጌታው ነገሩን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አካፈሉኝ።

ልጄ ስትወለድ አልነበርሁም። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ይቅርም አልላቸውም። ፍርድ ቤት ሳልቀርብ እንዲሁ ለቀቁኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ያን ቀን ጣቢያው ደጅ እንዳቆምኋት ነግራኝ ለምን እንዳልወጣሁ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኋት። «ጆሮው ሥር?» አለች፤ ሕፃኗን እንዳቀፈች እያለቀሰች ሳቀች።

አዳራሹን ተከለከልን። አሁን የምንማረው ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ፣ በአንድ ተማሪያችን ያላለቀ ቤት ውስጥ ነው፤ የተማሪውም ቁጥር ከበፊቱ ይበልጣል። ልጄ አድጋ መሃላቸው ትቀመጣለች። ባለፈው ቅዳሜ እኔን ሣለችኝ። ፊት ለፊት ነኝ፤ አንዱ ዓይኔ ከሌላው ይበልጣል፣ ግን ሁለቱም አሉ። ተማሪዎቹ እንዳርመው ጠበቁ። እንዳለ ግድግዳው ላይ ሰቀልሁት።