ጋሼ ታደለ የቆመበት ሜዳ

ባለፈው ሳምንት አሌክሳንድሪያ ጥርሴን ልታከም ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሎ አየሁ። ዛፍ የለው፣ ቤት የለው፣ ሰው የለው፤ ሣርና ሰማይ ብቻ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ባሏን “ምን አለበት ብለው ነው የሰቀሉት?” ስትለው ሰማሁ። ልመልስላት ዳዳኝ። ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ ገባሁ፤ ወንበሩ ላይ አፌን ከፍቼ ተጋድሜም ሐሳቤ ከዚያ ሜዳ አልተመለሰም።

ያን የመሰለ አገር አውቃለሁ። ያሳየኝ ጋሼ ታደለ ነው።

ጋሼ ታደለ የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ ነበር፤ እኔ የመጨረሻዋ። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ዲቪ ደርሶት መጀመሪያ የመጣው እሱ፣ እናቴንና እኔን ያስመጣን እሱ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት አፓርታማ ውስጥ ሦስታችን እንኖር ነበር። እሱ ትራክ ይነዳል፤ ሎድ ጭኖ ከወጣ ሳምንት ይጠፋል። እናቴ አግባ እያለች ስትጨቀጭቀው “የማይገኝ ባል ማን ይፈልጋል?” እያለ ያስቃት ነበር። እኔ ቀን ኮሌጅ እማራለሁ፣ ከሰዓት አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። ለክሬዲት ብዬ የወሰድኩት የፎቶግራፍ ኮርስ ልቤን ወስዶት፣ ባገኘኋት ቀን ሁሉ ካሜራ አንጠልጥዬ ዛፍና ወንዝ ሳሳድድ እውል ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ካሜራዬም ገና በፊልም የሚሠራ።

በዚያ ሰመር ጋሼ ሆዱን ያመው ጀመር። የመንገድ ምግብ ነው ብለን አቃለልነው። በኋላ ሐኪሞቹ ቆሽቱ ላይ ካንሰር አገኙ። ሕክምና ጀመረ፣ ከሳ፣ መንዳትም ተከለከለ። ቤት መዋል ለማያውቅ ሰው መስኮት ሥር ተቀምጦ የሌላ ሰው መኪና ሲያልፍ ማየት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው።

አንድ ጠዋት “ሚሚ፣ ካሜራሽን ያዢና ሰሜን ዳኮታ ውሰጂኝ” አለኝ።

“እዚያ ምን አለ?”

“ሣር።”

እናቴ ከኩሽና ሰምታ ወጣች። “የታመመ ሰው ይዛ ሣር ልታሳይ? ጠበል አጥቶ ነው?”

“እማዬ፣ ስመለስ ጠበሉንም እሄዳለሁ። ያንን አገር ስንት ዓመት አልፌው ሄጃለሁ። ጭነት የሚያሰማራን ዲስፓቸር ኮል እያደረገ የት ደረስክ ሲለኝ፣ አንድም ቀን ቆሜ አላየሁትም።”

እናቴ ብዙ አጉረመረመች። በማግስቱ ግን በሶውን በጥብጦ ለመጠጣት እንዲመች አድርጋ አሽጋ፣ ጋቢውን አጥፋ፣ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

የነዳሁት እኔ ነኝ። እሱ ጎኔ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን በሌለ ፍሬን ላይ እየረገጠ፣ “ርቀት ጠብቂ”፣ “መስታወትሽን እዪ” ሲል ኦሃዮን አለፍን፤ ቺካጎን አለፍን። ምግብ እምብዛም አይቀርበውም። ሞቴል በደረስን ቁጥር ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ይተኛ ነበር።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ደነገጥኩ። መስከረም ነበር፤ ሣሩ ደርቆ እስከ አድማስ ተዘርግቷል። መምህራችን ፎቶ ላይ ዓይን የሚያርፍበት አንድ ነገር አስገቡ ይለን ስለነበር፣ ብቸኛ ዛፍ ባየሁ ቁጥር መኪና አቆማለሁ፤ የፈረሰ የእንጨት ቤት ባየሁ ቁጥር እሮጣለሁ። ጋሼ እስኪበቃው አየኝና ሣቀ።

“ተራራ አትፈልጊ። እዚህ አገር ተራራው ሰማዩ ነው፤ ቀና በይ።”

ቀና ስል እውነትም ደመናው በግርጌው ጠቁሮ፣ በአናቱ ነጥቶ፣ ተደራርቦ ቆሟል። ጥላው ሜዳው ላይ እንደ መንጋ ይነዳል። ከዚያ ወዲህ መፈለግ ተውኩና ማየት ጀመርኩ። ጠጠር መንገድ ውስጥ ገባን። ሞተሩን አጥፊው አለኝ፤ ወርዶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ነፋሱ መጣና ሣሩን ከወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ አስተኛው።

“ድምፅ አለው እንዴ!” አለ። “ስንት ዓመት በዚህ ሳልፍ ሞተሩ ሸፍኖብኝ ኖሯል።”

እኔ በሆዴ ተኝቼ ሌንሱን ወደ መሬት አስጠጋሁት። ከሩቅ አንድ ዓይነት የመሰለኝ ሣር ከቅርብ ሲታይ ገሚሱ የነሐስ፣ ገሚሱ የወይን ጠጅ ቀለም አለው። ወደ ጋሼ ሳዞረው ግን እጁን ፊቱ ላይ ይጋርዳል። “ከስቻለሁ፤ ሣሩን አንሺ።” ቀጥሎ የሱፍ አበባ ማሳ አገኘን፤ ፍሬው ከብዶት አንገቱን ደፍቶ በሰልፍ ቆሟል። “ለቅሶ የመጡ ይመስላሉ” ብሎ ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም።

አንዲት በዕድሜ የገፋች ገበሬ ፒክአፗን አጠገባችን አቆመች። “ጠፋችሁ?” አለችን።

“አልጠፋንም፤ ቆመን እያየን ነው” አላት ጋሼ።

ፊቱን አየችው፤ ጋቢውን አየችው። “እዚህ ማንም አይቆምም” አለችና፣ ከኮረብታው ጀርባ ያለውን ኩሬ በእጇ አመለከተችን። “ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዝይዎች ይወርዳሉ። መሬቱ የኔ ነው፤ ግቡ።”

ኩሬው ዳር ካሜራዬን ባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ተከልኩ። ጋሼን መኪናው ላይ አስደግፌ ጋቢውን አለበስኩት። ከበሶው ፉት ብሎ መለሰልኝ።

“ሚሚ፣ ኬሞውን አቁሜዋለሁ” አለ። “ከመምጣታችን በፊት ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ። የሚጨምርልኝ ነገር የለም።”

ዓይኔን ከካሜራው አላነሣሁም። “ለእማዬስ?”

“ለሱ ነው ያመጣሁሽ። አንቺ ንገሪልኝ። ፊቷን እያየሁ አልችልም።”

“ለኔስ ማን ይንገረኝ?”

“ነገርኩሽ እኮ” አለኝ ቀስ ብሎ።

ያኔ የዝይዎቹ ድምፅ መጣ፤ ከሩቅ የገበያ ሁካታ ይመስላል። ከዚያ ሰማዩ በክንፍ ተሸፈነ። እየዞሩ፣ እየተጣሩ፣ ውኃውን በእግራቸው እየሰነጠቁ ወረዱ። እንባዬ ጋርዶኝ ምንም አይታየኝም።

“አንሺ እንጂ!” ብሎ ጮኸ። “አንሺ!”

ፊልሙ እስኪያልቅ ተጫንኩ። ገሚሱ ደብዝዞ ነው የወጣው።

ቤት ስንገባ እናቴን አስቀምጬ ጀመርኩላት፤ መሐል ላይ ስደርስ ጋሼ ተቀበለኝ። የጨረሰው ራሱ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ብዙ ቆየች። ፎቶዎቹ ታጥበው የመጡ ዕለት መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው።

“ደግ አገር ነው” አለች። ቀጥላ “ታዴስ የታለ?”

አንድም ቦታ አልነበረም።

ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለበሰች፤ እሱንም ነጭ ሸሚዝ አልብሳ በረንዳው ላይ አቆመችው። ልጫን ስል ጆሮውን ያዝ አደረገችው፣ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ልጅ። ሣቀ። ከታመመ ወዲህ ያነሣሁት የሱ ፎቶ ያ ብቻ ነው። እንደ ቃሉም ጠበሉን ከእናቴ ጋር ተመላለሰ። የገና በዓል ሳይደርስ አረፈ፤ ያ ፎቶ ከሣጥኑ ራስጌ ቆመ።

እናቴም አሁን የለችም። ጋሼ ያረፈው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እኔ ያንን ዕድሜ አልፌያለሁ። ሰው ታላቁን በዕድሜ ሲበልጥ ምን ብሎ እንደሚጠራው ግራ ይገባዋል፤ እኔ ዛሬም ጋሼ ነው የምለው። በዚያ ዕድሜ ያሉ ወንዶችን ሥራ ቦታዬ አያቸዋለሁ፤ ይሯሯጣሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ገና ብዙ ያቅዳሉ። ልጆች ናቸው። ያኔ ትልቅ ሰው የሞተብኝ መስሎኝ ነበር ያለቀስኩት። ልጅ እንደሞተ ያወቀችው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እኔ ገና አሁን ደረስኩበት።